መርዶ በደብዳቤ አይላክም

መርሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

እንደምን ሰነበትሽ? «ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። ኔትወርኩ ጎድሏል፣ መብራቱ ጎድሏል፣ አሁን ደግሞ አይሱዙዬ ከደጃፌ ጎድላለች። ናፍቆትሽ ከብዙ ጉድለት አንዱ ነው። ትልቁ ግን እሱ ነው።

በሚኪያስ አፍ የላክሽብኝ ቁጣ ደርሶኛል። ልጁ እውነትም ሾፌር ነው፤ አንዲት ቃል መንገድ ላይ ሳያንጠባጥብ ደጄ ላይ አራግፎብኝ ሄደ። «አባየ አብደው ነው ወይ እንጀራቸውን የሸጡት?» ብለሻል አሉ። አላበድኩም። ለሮማን ብዬ ነው።

ወንድሞቿ በፋሲካ ማግስት መጡብኝ። «አባታችን፣ ኤፍሬም ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ልጅ አልተወላት። በሃያ ሰባት ዓመቷ ከርስዎ ጋር ባልቴት ሆና ትቅር? ደላላ አግኝተንላታል፣ ዓረብ አገር ሄዳ ራሷን ትቻል» አሉኝ። የነሱ ዓረብ አገር በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ነው። ስንቱ የሐብሩ ልጅ እዚያ ባሕር ላይ እንደቀረ አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ አንገቷን ደፋች። ያን ሳይ ደሜ ፈላ። «የልጄን የኤፍሬምን ወፍጮ ግራና ላይ አስነስቼ በስሟ አዞርላታለሁ፤ ባልቴት ሳትሆን ባለ ወፍጮ ናት፤ እስከ መስቀል ታገሱኝ» አልኳቸው። ታገሱኝ።

የወፍጮው ሞተር በጦርነቱ ተነቅሎ እንደሄደ ታውቂያለሽ። የጣሪያው ቆርቆሮም ተከትሎት ሄዷል። የቀረኝ ግድግዳውና የበሩ ቁልፍ ነው። አይሱዙዋን ባልሸጥ በምን አስነሳዋለሁ?

አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ሁለት መንገድ ነገረኝ። አንደኛው፣ መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሞተር አለ። ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ያስገባው ስለሆነ ዋጋው እሳት ነው፤ ያለኝን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል፣ ለጣሪያ አይተርፈኝም። ሁለተኛው፣ በባንክ ዋጋ ዶላር እስኪደርሰው ወረፋ መጠበቅ ነው። ያኔ ሞተሩም ቆርቆሮውም ይወጣል። ወረፋውን የምትይዙት እናንተ ናችሁ ይላሉ። እስቲ እዚያ ብሔራዊ ባንክ ተቀምጠሽ ምን እንደምትሠሪ በደንብ ጻፊልኝ። ሰው ሲጠይቀኝ «ልጄ ብር ታትማለች» እያልኩ መቀለዱ ሰልችቶኛል።

አባትሽ ሽፈራው

ማህሌትዬ፣ ሮማን ነኝ። ሊያሽጉት ሲሉ ቀማኋቸው። አይሱዙዋ የሄደች ዕለት እራት አልበሉም። «የተሸጠው መኪና ነው እንጂ እኔ የተሸጥኩ መሰለሽ?» እያሉ ይቀልዳሉ። አትቆጫቸው በማርያም። ዕዳው በኔ ነው።


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባየ፣

ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። «አብደው ነው ወይ» አላልኩም፤ ሚኪያስ ከኪሱ ጨምሮበታል። «ሳይነግሩኝ ለምን?» ነው ያልኩት። አሁን ገባኝ፤ ለሮማን ከሆነ እኔም ብሆን እሸጣት ነበር።

ብር አላትምም አባየ። ሲታተም እንኳ አይቼ አላውቅም። እኛ ጋ ሰው ገንዘብ አያስቀምጥም፤ የሰው ገንዘብ የሚቀመጥባቸውን ባንኮች ነው የምንጠብቀው። ብሩ ዋጋ እንዳያጣ፣ ኑሮ እንዳይንር፣ አገር የገባችው ጥቂት ዶላር ለነዳጅም ለመድኃኒትም እንድትዳረስ ማየት ነው ሥራው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔ አንዲት ጠረጴዛ ነኝ።

አንቱ ግራና ላይ የመስኖው የውሃ አባት ሳሉ ይሠሩት የነበረውን ዓይነት ነው። ወንዙ የርስዎ አልነበረም፤ ተራውን ነበር የሚጠብቁት። የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ አስቀድሞ ለዘመድ ሹክ ማለት ነውር ነበር። ለገዛ ወንድምዎ ለአጎቴ ለታደሰ ያለ ተራው ቦይ አልከፍትም ብለው ማሽላው ቆሞ እንደደረቀ ስንቴ ነግረውኛል! ሥራ ስጀምር «ምስጢር እጠብቃለሁ» ብዬ ቃል የገባሁ ዕለት ያሰብኩት ያንን ማሽላ ነው። ስለዚህ ወረፋውን ላስቀድምልዎት አልችልም። ይህን ለርስዎ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ አለመጻፍ ደግሞ ይብሳል።

እንዴት ነሽ ላሉኝ ደህና ነኝ። በር ሲንኳኳ ግን አሁንም ለመክፈት እፈራለሁ። ወዳጅዎ አያ ወርቁ የወንድሜን የኤፍሬምን ሞት ሊያረዱኝ ማለዳ በሬ ላይ ከቆሙ ወዲህ ነው። ጎረቤቶቼ «መንገድ ተከፍቶ፣ ስልክ ገብቶ፣ ሽማግሌ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ይመጣል?» ብለው ተገርመው ነበር። እኛ አገር ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይጻፍም፣ ሰው ነው የሚላከው አልኳቸው። የርስዎን ደብዳቤ ሳይ ገና ሳልከፍተው ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ደብዳቤ ከመጣ ክፉ የለም።

ልጅዎ ማህሌት


መርሳ፣ ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

የውሃ አባትነቴን አንስተሽ አፌን አስያዝሽኝ። እኔው ባሳደግኩት ምላስ! ወረፋ አስቀድሚልኝ አላልኩም፣ አልልምም። አስመጪው ነው «ልጅዎ እዚያ ከሆነች» ብሎ ዓይኑን ያጨነቆረብኝ፤ ጠቅሼ ጻፍኩት እንጂ አልለመንኩሽም።

ይሄኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሰው ያወራል። ከወልዲያ የመጣ ነጋዴ «ብሩ ሊለቀቅ ነው፣ ዶላር በገበያ ሊሆን ነው፣ ብር የያዘ ዕቃ ይግዛበት» ይላል። ማግስቱን ሌላው «የየዓመቱ ወሬ ነው፣ አትስሙት» ይላል። እኔ የሸጥኳትን መኪና ብር ታቅፌ መሃል ላይ ተቀምጫለሁ። አያ ወርቁ ትናንት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ልጅህን ጠይቃት እንጂ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። ተቆጣሁት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ተከትሎኝ ገባ።

ምስጢር አልፈልግም። አንዲት ቃል ብቻ፤ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ብገዛ ጣሪያ የለኝም፤ ሮማን በክረምት ድንኳን ውስጥ አትፈጭም። ብጠብቅ ሁለቱም ይሞላልኛል። ልቤ መጠበቁን ይወዳል። ልቤ ግን ኢኮኖሚ አልተማረም።

አባትሽ ሽፈራው

ማህሌትዬ፣ የወፍጮውን ሚዛን ከጎረቤት አስመለስኩት። ዝገቱን በአሸዋ አሸሁት፤ ኤፍሬም ከላይ የቧጨረው ስሙ አሁንም ይነበባል። አባየ በሰው ፊት «ባለ ወፍጮ» እያሉ ይጠሩኛል። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አሁን ካልጠሩኝ ይከፋኛል።


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባየ፣

እንደምን ከረሙ? እዚህ ዝናቡ ገብቷል። ሲሪንቃ ያሉት የእርሻ ምርምር ሰዎች ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው ብለዋል መባሉን ሰማሁ፤ እውነት ይሁንላቸው። ለሮማን የክረምት ጫማ በሚኪያስ ልኬላታለሁ። ቁጥሩ ቢጠብባት ይመልሰው።

ስለጠየቁኝ ነገር የምለው የለኝም። ባውቅም ባላውቅም መልሴ ይኸው ነው። እንደመሰለዎ ያድርጉ አባየ። አደራዎን፣ እንደመሰለዎ።

በጸሎት ያስቡኝ።

ልጅዎ ማህሌት


መርሳ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ደብዳቤሽ በዚህ ሳምንት ገባልኝ። ጫማው ልኳ ነው። ጭቃ እንዳይነካው ቤት ውስጥ ነው የምትሄድበት፤ ለክረምት የተላከ ጫማ ክረምትን ሳያይ ሊያረጅ ነው።

መልስሽን ሦስት ቀን አላሰላሰልኩትም፣ ወዲያው ገባኝ። ጎሽ ልጄ! ቃልሽንም አልበላሽም፣ እኔንም አልጣልሽኝም። ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም የለበትም። እኔ ግን የወሎ ሰው ነኝ። ክፉ ነገር ቢኖር አንቺ ደብዳቤ አትጽፊልኝም ነበር፤ ሰው ትልኪብኝ ነበር፣ ሰው ቢጠፋ ራስሽ ትመጪ ነበር። አባትሽ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ አንቺ ስለ ጫማ ቁጥር አትጽፊም። ደብዳቤ መጣ፣ ሰው አልመጣም። ስለዚህ ሰላም ነው ብዬ ለአስመጪው «እጠብቃለሁ» ብዬ ላክሁበት። መጋዘን ያለችዋን ሞተር ለሌላ ይሽጣት።

ለወንድሞቿም ነገርኳቸው። አያ ወርቁ ግድግዳውን በጭቃ እየመረገልኝ ነው። ግራና ላይ ሴቶቹ በበሩ ባለፉ ቁጥር «መቼ ነው?» ይላሉ፤ እህል ተሸክሞ መርሳ ድረስ መምጣት ወገባቸውን ቆርጦታል። «ለመስቀል» እላለሁ።

አባትሽ ሽፈራው

ማህሌትዬ፣ እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዪ! ትናንት አምባሰል አንጎራጎሩ። ድምጻቸው እንደ ድሮው ወፍጮ ነው፤ ቢሆንም ሰማኋቸው። እኔም ከሌን አውልቄ አጠብኩት። መልሼ አልለበስኩትም።


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባየ፣

ሰኞ ማለዳ በሬዲዮ ሰምተዋል። ዶላሩ ተለቋል፤ ከእንግዲህ ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው። በሚኪያስ ስልክ የላኩብኝን ጥያቄ አገኘሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ታውቂ ነበር?»

አዎ አባየ። ቀኑን አላውቅም ነበር። እንደሚመጣ ግን አውቅ ነበር።

ያ ወሬ ቀድሞ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። ያለው ሰው ዶላሩንና ዕቃውን በአንድ ቀን ያሸሻል፣ የሌለው ሰው ብር እጁ ላይ ይረግፋል። ምስጢር የሆነው ለዚህ ነው፤ አምንበታለሁ፣ አሁንም አምንበታለሁ። ማመኔ ግን አላስተኛኝም። የረገፈው የርስዎ ብር ነው፤ እኔ የማውቀው ሌላ ድሃ ማን አለኝ?

የሰኔውን ደብዳቤ ስጽፍ ምንም ካላልኩ ምንም አልበደልኩም ብዬ ነበር። እንዲያ ያነቡታል ብዬ አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ! «ደብዳቤ ከመጣ ክፉ የለም» ብዬ የጻፍኩልዎ እኔው ነኝ። የሐምሌ አምስቱ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወረቀቱን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፈቃድ ጠየቅኩ። ሻንጣዬን አሰርኩ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄድኩ አባየ። ወረፋ ላይ ቆሜ ነው የታየኝ፤ በክረምት፣ ያለ በዓል፣ ያለ ለቅሶ በራፍዎ ላይ ብቆም አፌን ሳልከፍት ይገባዎታል። ከርስዎ ለአያ ወርቁ፣ ከአያ ወርቁ ለመርሳ ገበያ። መምጣቴ ራሱ መናገር ነበር። ተመለስኩ።

ሮማንን ምን እንደምላት አላውቅም። እባክዎን አንቱ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ማህሌት


መርሳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማህሌት ሽፈራው፣

ደብዳቤሽ ደርሶናል። ሁላችንም ደህና ነን።

አስመጪውን ጠይቀን ነበር። መጋዘን የነበረችው ተሸጣለች። አዲስ የሚመጣው በአዲሱ ዋጋ ነው። ባንክ ያለው ብር አንዲትም አልጎደለችበትም፤ ቁጥሩ እንዳለ ነው፣ የሚገዛው ነው የሄደው። አይሱዙዋን መልሼ ልግዛ ብል እሷም ከኔ አቅም በላይ ወጥታለች። ገዢዋ ወፍራም ሰው ነው፤ በደጄ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኛል።

ዝናቡ ጥሩ ነው። ሮማን ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች።

ሽፈራው


አዲስ አበባ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባየ፣

እንኳን አደረሰዎ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ብቻዬን ዋልኩ፤ ልምጣ ወይ ብዬ በሚኪያስ ላክሁ፣ «መንገዱ አያስተማምንም ብለዋል» አለኝ። መንገዱ ነው ብዬ ልመን።

በደመወዜ ብድር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እጄ ይገባል። ከርስዎ ብር ጋር ሲደመር ሞተሩ ይመጣል። ጣሪያውን ሳር እናልብሰው፣ ምን ቸገረን? ለዓመታት ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ይቆረጥ። ለሮማን ይንገሩልኝ። ለወንድሞቿም፣ ከመስቀል ትንሽ ይለፉልን ይበሏቸው። ትንሽ ብቻ።

ሮማን ከደብዳቤው ግርጌ ለምን አትጽፍልኝም? የነሐሴውን ገልብጬ ሁሉ ፈልጌያለሁ። ብትሳደብም ትጻፍልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፣ ሌላ አልጠይቅዎትም። በኔ ቦታ ቢሆኑ ቦዩን ይከፍቱ ነበር?

ልጅዎ ማህሌት


መርሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

ተቆጥቼ ሰነበትኩ፤ ቁጣው አሁን የለም። ለቁጣም ጉልበት ያስፈልገዋል።

የላክሽው የብድር ገንዘብ ሳይነካ በሚኪያስ ተመልሶልሻል። ለባለቤቱ መልሺው። ሮማን የለችም።

ደብዳቤሽን አንብቤላት ነበር። ደስ ይላታል ብዬ! እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «አባየ፣ አይሱዙዋ በኔ ሄደች፣ አሁን ደግሞ ማህሌት በኔ ዕዳ ትገባለች? የሰው ዕድሜ እየፈጨሁ እህል አልፈጭም» አለችኝ። ገሠጽኳት። እሺ አለች። እሺ ስትል ማመኔ! በመስቀል ሳምንት ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል፣ ምሳዬ ተሸፍኗል፣ ሚዛኑ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አዲሱ ጫማ የለም። ሰው እንዳያያት ከመርሳ አልተሳፈረችም፣ ውርጌሳ ወርዳ ነው። ውርጌሳ ስደርስ መኪናው ወደ ጭፍራ፣ በጅቡቲው መንገድ፣ ከሄደ ቆይቷል አሉኝ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? ብብቴ ባዶ ነው።

የወፍጮውን ቁልፍ ኮቴ ኪስ ውስጥ አጣሁት። ይዛው ሄዳለች።

ሰዉ እንደ ድሮው አይቀልድብኝም፤ ያ ነው የከፋኝ። አንዲት ሴትዮ ብቻ ገበያ ላይ «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ስትል ሰማኋት። ዞር ብዬ አላየኋትም።

ስለ ቦዩ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ። አሁን ሆድ ይፍጀው።

አባትሽ ሽፈራው


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባየ፣

ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ልኬልዎታለሁ፤ ይህ አራተኛው ነው። ሚኪያስን ስጠይቀው «ሰጥቻቸዋለሁ» ይላል፣ ዓይኑን ግን ሰብሮ ነው። ከጅቡቲ ወደ ማዶ ተነስታ ስላልደረሰች ጀልባ ሰው ያወራል። የወልዲያ ልጆች ነበሩበት ይላሉ፣ የሐብሩም ይላሉ። ወሬ ነው። ያ ሁሉ ወሬ ውሸት ሊሆን ይችላል አይደል? እኛ መሥሪያ ቤት ሳይጣራ ምንም አይታመንም።

አባየ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። መሳደብም ከሆነ ይሳደቡኝ። ምንም የሚሉት ከሌለዎ ባዶውን ወረቀት አጥፈው በሚኪያስ ይላኩልኝ። ከሥራ ስገባ በበሩ ሥር ወረቀት ካየሁ ያን ቀን እራት እበላለሁ። ማለዳ ማለዳ ጎረቤቶቼ ጨው ሊበደሩ በሬን ያንኳኳሉ፤ እንዳታንኳኩ፣ ከውጭ በስሜ ጥሩኝ ብያቸዋለሁ። አብዳለች ብለዋል መሰለኝ።

የፈሩት ይደርሳል አይበሉኝ። ይጻፉልኝ ብቻ።

ልጅዎ ማህሌት


መርሳ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማህሌት፣

ይህን ወረቀት የሚሰጥሽ አያ ወርቁ ነው። ከውጭ በስምሽ እንዳይጠራሽ ነግሬዋለሁ፤ አንኳኩቶ ይግባ፣ ተቀመጪ ይበልሽ፣ ይንገርሽ፣ አልቅሰሽ ሲወጣልሽ ይስጥሽ ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሆነውን እኔ እዚህ አልጽፈውም።

ባዶ ወረቀት ላኩልኝ ብለሽ ነበር። ሁለት ጊዜ አጥፌ ለሚኪያስ ልሰጠው ወጥቼ ተመልሻለሁ። ነገሩ ሳይጣራ ባዶ ወረቀት ብልክ፣ አንቺ «ሰላም ነው» ብለሽ እራት ትበያለሽ። ያንን እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ላንቺ አልመኘውም።

የተጣራው በቁልፉ ነው። አብራት የነበረች የግራና ልጅ ከጅቡቲ ተመልሳ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ መናገር አቃታት፤ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ሰጠችኝ። ሮማን ወደ ጀልባው ስትገባ «ቢጠፋብኝ ያሳዝነኛል፣ አንቺ ያዢልኝ» ብላት ነበር። ያቺ ልጅ ቦታ ሞልቶ ለማግስቱ የቀረች ናት።

ፍትሐቷን አስደርገናል። አስከሬን ሳይኖር ሲፈታ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው። ባንክ ያለውን ብር ለሷ እያወጣሁት ነው፣ ለተዝካሯም ከዚያው ነው። ለሞተር ያልበቃ ብር ለተዝካር በቃ። ወይ አበሳዬ!

አሁን ስለ ቦዩ ልመልስልሽ። አልከፍትም ነበር። ልክ ነሽ ልጄ፣ እኔም ብሆን አልከፍትም ነበር። ልጅ ሆነሽ የነገርኩሽ እውነት ነው፤ ግማሹን ግን አልነገርኩሽም። ታደሰ ወንድሜ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ቤቴ እህል አልቀመሰም። አልተጣላኝም። በሠርግም በለቅሶም ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ልክ ነህ ወንድሜ፣ ተራዬ አልነበረም» ይለኛል። እናትሽ ማዕድ ስታቀርብ እጁን አይሰድም። ያን ሁሉ ዓመት ተናድጄበት ኖርኩ። ልክ ነህ ካለኝ ለምን አይበላም? እያልኩ።

አሁን ገባኝ።

ለአርባዋ መምጣት ከፈለግሽ ቤቱ የአባትሽ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ነይም ቅሪም አልልሽም። ልክ ነሽ፤ ለሰውም እንዲያው ነው የምነግረው።

አያ ወርቁ ከትናንት ማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። መንገዱም ለሽማግሌ ከባድ ነው። ቁርስ አቅርቢለት፤ እሱ ይበላልሻል።

አባትሽ ሽፈራው